የሚታጠብ ሞዴስ፦ ማን ይሰፋል፣ ማን ይከፍላል፣ ማን ይጠቀማል?

መቀሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ማርያም ሳባ ፋብሪካ ታጥቦ እንደገና የሚያገለግል የንፅህና መጠበቂያ ይሰፋል። መሥራቿ ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ኬሚካል ምሕንድስና ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሲሆን ፋብሪካውን በልጃቸው ስም ሰይመውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ብሎ ሲሸልማቸው ብዙ የተወራው የወር አበባን ስለከበበው ነውርና ዝምታ ነበር። ስለ ሒሳቡ እምብዛም አልተነሳም። በዚያን ጊዜ ፋብሪካው ከሚያመርተው ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚገዙት መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ በነፃ ያድሉታል። ከነዚህ አንዱ አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት ሉዊስ ዎል ከባለቤታቸው ጋር ያቋቋሙት ዲግኒቲ ፒሪየድ ነው፤ ከፋብሪካው እየገዛ ለተማሪዎች ያከፋፍላል።

ፋብሪካው ይሸጣል እንጂ አይሰጥም ማለት ነው። ሰጪው ሌላ ነው። ልጅቷ በነፃ ታገኛለች፣ ሰፊዋ ደመወዟን ታገኛለች፣ ጨርቅ ሻጩም ገንዘቡን ያገኛል። በየከተማው በቅን ልብ ተጀምሮ በሁለተኛው ዓመት የስፌት መኪናዎቹ አቧራ የሚጠጡበት የሞዴስ ስፌት ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው ይህን ሳይለይ ስለሚነሳ ነው። በእርዳታ ገንዘብ መኪና ይገዛል፣ ሴቶች ይሠለጥናሉ፣ ምርቱ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል። እርዳታው ሲያልቅ ጨርቅ መግዣ የለም፤ ምክንያቱም ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ሰው ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ከዚህ በታች ያለው እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ፣ ወይም ለሚያስብ ሰው ገንዘብ ሊሰጡ ለተነሱ፣ አሠራሩን ከጨርቁ እስከ ውሉ የሚያስረዳ ነው።

ዕቃው ራሱ

የሚታጠብ ሞዴስ ሦስት ክፍል አለው፦ ከሰውነት ጋር የሚገናኘው የላይኛው ጨርቅ፣ መሐል ላይ ያለው መጣጭ፣ ከታች ደግሞ ፈሳሽ የማያሳልፈው። ለላይኛው ለስላሳ ጥጥ ይመረጣል፤ የሌሊት ልብስ የሚሰፋበት ፍላኔል ጥሩ ነው። መጣጩ ከሁለት እስከ አራት ድርብ ፍላኔል ወይም የፎጣ ጨርቅ ነው። የታችኛው አንድ ፊቱ በስስ ፖሊዩሬቴን የተለበጠ ጨርቅ ሲሆን በሙያው ፒ.ዩ.ኤል. ይባላል። ከሦስቱ ራስ ምታት የሚሆነው እሱ ነው፤ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዶላር ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ሲጠፋ በስስ ላስቲክ መተካት ይመጣል። ላስቲክ አየር አያስገባም፣ ያሞቃል፣ ያሳክካል፣ ከተወሰነ እጥበት በኋላም ይሰነጠቃል። የጃንጥላ ጨርቅ ትንሽ ይሻላል፣ ነገር ግን ልጅቷ ወንበር ላይ ስትቀመጥና ጫና ሲመጣ ያሳልፋል። በሌላ ከመተካት ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ ፒ.ዩ.ኤል. ቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል። ገንዘብ ያስራል፣ ነገር ግን ስም አያበላሽም።

መጠኑ ለቀን ከ23 እስከ 25 ሳንቲሜትር፣ ለሌሊት ከ28 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርዝመት ነው። ክንፎቹ ታጥፈው ፓንቱ ሥር ሲቆለፉ መሐሉ ከ6 እስከ 7 ሳንቲሜትር ስፋት ይኖረዋል። ከዚያ ከሰፋ እግር መሐል ይጨማደዳል፣ ከጠበበ በጎን ያፈሳል። ክንፉን ጨምሮ የአንዱ ቅርጽ በግምት 28 በ20 ሳንቲሜትር ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ 1.5 ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ አንድ ሜትር ሲቆረጥ ወደ 20 ያህል ይወጣል። ቆራጩ ቅርጹን እያገላበጠ ቢያስቀምጥ አንድ ሁለት ይጨምራል፤ ትርፉ የሚገኘው ከእንዲህ ዓይነቷ ቁጠባ ነው።

ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት መታጠብ አለበት። በጥድፊያ ላይ ያለ ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ 5 በመቶ ያህል ሊሰበሰብ ይችላል፣ ፒ.ዩ.ኤል. ግን አይሰበሰብም። ሳይታጠብ የተሰፋ ሞዴስ ሱቅ ላይ ያምራል፤ ልጅቷ ቤት ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል፣ ሰውነት ላይም አይተኛም። ከዚያ ወዲያ አታወጣውም።

ሲሰፋ የተለበጠው አብረቅራቂ ፊት ወደ ውስጥ፣ ወደ መጣጩ ይሆናል። ፒ.ዩ.ኤል. ላይ ስፒል አይሰካም፤ የተበሳ ቀዳዳ አይደፈንምና በመቆንጠጫ ይያዛል። መርፌው ቀጭን፣ 70 ወይም 80 ቁጥር፤ ክሩ ፖሊስተር፤ የስፌቱ ርዝመት 3 ሚሊሜትር ያህል ይሁን። ስፌት ሲጠቀጠቅ ቀዳዳ ይበዛል። የጥጥ ክር ደግሞ ራሱ ፈሳሹን መጥጦ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ትልቁ ስህተት መጣጩን ከታችኛው ጨርቅ ጋር መሐል ለመሐል መስፋት ነው፤ ለዓይን ያምራል፣ ነገር ግን መሐሉን በመርፌ ወንፊት ማድረግ ነው። መጣጩ ከላይኛው ጨርቅ ጋር ብቻ ይሰፋና ፒ.ዩ.ኤሉ በዳር ስፌት ብቻ ይያዛል።

ፍተሻው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ከየቀኑ ምርት ጥቂት ይወሰዳል፤ በመርፌ ሲሪንጅ 15 ሚሊሊትር ሻይ የነካው ውሃ መሐሉ ላይ ቀስ ተብሎ ይፈሳል፤ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከሥሩ ነጭ ወረቀት፣ ከላዩ አንድ ኪሎ ስኳር ይቀመጣል። ወረቀቱ ከረጠበ የዚያ ቀን ምርት በሙሉ ይፈተሻል። አንዲት ሴት በአንድ የወር አበባ የምታፈሰው በአብዛኛው ከ30 እስከ 80 ሚሊሊትር ስለሆነ 15 ሚሊሊትር በአንድ ጊዜ መያዝ ለአንድ ሞዴስ በቂ ፈተና ነው። ውሃ ከደም ይልቅ ቶሎ ስለሚሰርግ ግን የላይኛው ጨርቅ ፈሳሹን ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቀበል በዚህ ብቻ አይታወቅም፤ ለዚህ የሰፊዎቹ የራሳቸው አስተያየት ይበልጣል፤ ቤታቸው ወስደው ይሞክሩት።

አራት ይበቃል ወይስ ስድስት?

ሁለት ዓመት ያገለግላል ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ምን ማለት እንደሆነ እንቁጠረው። የወር አበባ አምስት ቀን ቢቆይ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ቢቀየር፣ በወር 15 ጊዜ ሞዴስ ይለወጣል። ልጅቷ አራት ሞዴስ ብቻ ካላት እያንዳንዱ በወር አራት ጊዜ ገደማ ይታጠባል። በ24 ወር ይህ ወደ 96 እጥበት ይደርሳል። እንግዲህ ሁለት ዓመት የሚል ቃል የሚገባ ሰው ምርቱ ወደ መቶ እጥበት እንደሚችል ማየት አለበት። ከአዲስ ናሙና ላይ አንድ ሁለቱን በየቀኑ በአካባቢው ሳሙና እያጠቡና ፀሐይ ላይ እያሰጡ ከሦስት ወር በላይ መቆየት ነው፤ አቋራጭ የለውም። የመጀመሪያው የሚለቀው ብዙውን ጊዜ ቁልፉ ነው፣ ቀጥሎ የዳሩ ስፌት።

ይኸው ቁጥር ሌላም ነገር ይናገራል። በቀን ሦስት የምትቀይር ልጅ አራት ካላት፣ ዛሬ የታጠበው ነገ ጠዋት መድረቅ አለበት። በበጋ ይደርቃል። በሐምሌና ነሐሴ ደጋ ላይ ግን ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ያን ጊዜ ወይ እርጥቡን ታደርጋለች፣ ወይ ወደ ድሮው ጨርቅ ትመለሳለች። ስለዚህ ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ የሚታደለው ጥቅል ስድስት ቢሆን ያዋጣል። አራቱ ያን ያህል ርካሽ አይደለም፤ የማይደረግ ሞዴስ ስንቱም ብር ቢሆን ውድ ነው።

ክንፍ ያለው ሞዴስ ፓንት ላይ ነው የሚቆለፈው። ፓንት የሌላት ልጅ የት ታስረዋለች? በጀት ሲቆረስ መጀመሪያ የሚወጣው ፓንቱ ነው፤ ሲወጣም ሥራው አብሮ ይወድቃል። ቢያንስ ሁለት ፓንት፣ በሦስት መጠን። የመጠኑን ድርሻ በግምት ከማዘዝ አንድ ትምህርት ቤት ሄዶ የሴቶች ክበብ ኃላፊዋ መምህርት የጥቂት ልጆች ወገብ እንድትለካ ማድረግ ከብዙ የመጋዘን ቀሪ ያድናል።

የአንዱ ዋጋ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ገበያ ዋጋ ይተካቸው። አሥር ሰው ያለበት አነስተኛ ሥራ እንውሰድ፦ ስምንት ሰፊ፣ አንድ ቆራጭ፣ አንዲት ፈታሽ። አንዲት ሰፊ ለአንድ ሞዴስ 15 ደቂቃ ቢፈጅባት በቀን 30 ታወጣለች፤ ስምንቱ 240፣ በ25 የሥራ ቀን 6,000።

ጨርቁ ሁሉ ለአንዱ 45 ብር፣ የእጅ ዋጋ 18 ብር፣ ቁልፍና ማሸጊያ 7 ብር ይሁን። ኪራይ፣ መብራት፣ የመኪና ጥገና፣ የሥራ አስኪያጅና የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ በወር 120,000 ብር ቢሆን ለ6,000 ሲካፈል 20 ብር ይደርሳል። ድምሩ 90 ብር ነው። ከመቶው አራቱ በፍተሻ ቢወድቁ የጥሩው ዋጋ ወደ 94 ብር ይወጣል። በ110 ቢሸጥ ለአንዱ 16 ብር ይቀራል። የሚያኖር ትርፍ ነው።

አሁን ትዕዛዝ ቀዘቀዘ እንበልና በወር 3,000 ብቻ ይሰፋ። ጨርቁ፣ የእጅ ዋጋውና ቁልፉ ያው ነው፤ ኪራዩና ደመወዙ ግን ለ3,000 ተካፍሎ 40 ብር ሆነ። ድምሩ 110፣ የሚወድቀው ሲታሰብ ወደ 115 ብር። በዚያው በ110 ሲሸጥ እያንዳንዱ ሞዴስ ከ4 ብር በላይ ኪሳራ ይዞ ይወጣል። ምርቱ ያው፣ ሰፊዎቹ ያው፣ ጥራቱ ያው፤ የተለወጠው ትዕዛዙ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ የሚሞተው በዝግታ በሚያልፉ ወራት እንጂ በዋጋ ውድነት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው ይህ ስሌት ነው።

ለዚህም ነው ለበጎ አድራጎት ድርጅት ብቻ የሚሸጥ ሥራ አደገኛ የሚሆነው። ድርጅቶች የሚገዙት በበጀት ዓመታቸው ነው፤ አንድ ወር 20,000 ያዝዛሉ፣ ከዚያ ለአምስት ወር ድምፃቸው አይሰማም። መሐሉን የሚሞላው በፋርማሲና በሱቅ የሚሸጠው፣ ለአበባ እርሻና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች የሚቀርበው ነው። መጠኑ ትንሽ ይሁን፣ ግን በየወሩ ይኑር። ለችርቻሮ የሚወጣው ማሸጊያ ላይ ትንሽ ይጨመርበት፤ ከሱቅ የምትገዛ ሴት የእርዳታ ዕቃ የሚመስል ነገር አትፈልግም።

ትልቁ ትዕዛዝ ሲመጣ

20,000 ሞዴስ በ110 ብር፣ 2.2 ሚሊዮን ብር። ደስታ ነው። ግን ገንዘቡ የሚመጣው ዕቃው ተረክቦ ከ30 እስከ 60 ቀን በኋላ ነው፤ ወጪው ዛሬ ይጀምራል። በላይኛው ስሌት የሚወድቀውን ጨምሮ ጨርቅና ማሸጊያ 1.08 ሚሊዮን፣ የእጅ ዋጋ 375,000፣ የሦስት ወር ተኩል ኪራይና ደመወዝ 420,000 ብር ይጠይቃል። በድምሩ ወደ 1.88 ሚሊዮን ብር ከኪስ ወጥቶ ነው የመጀመሪያው ሳንቲም የሚመለሰው። ብዙ መሥራቾች ይህን ለመሸፈን በከፍተኛ ወለድ ይበደራሉ፤ ከዚያ ትርፉ የአበዳሪው ይሆናል።

መፍትሔው ውሉ ውስጥ ነው። 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ማለት 660,000 ብር ነው፤ ጨርቁን እንኳ አይገዛም። 50 በመቶ ከሆነ 1.1 ሚሊዮን፤ ጨርቁን ልክ ይሸፍናል። ስለዚህ 50 መጠየቅ ስስት አይደለም፣ ስሌት ነው። ገዢው በምትኩ የቅድመ ክፍያ ዋስትና ከባንክ ወይም ከኢንሹራንስ ይጠይቃል፤ የዋስትናው ወጪ በዋጋው ውስጥ ይታሰብ። ርክክቡ በአንድ ቀን ሳይሆን በየወሩ 5,000 ወይም 6,000 ይሁን፤ ክፍያውም በየርክክቡ። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ ነው ወይስ አላካተተም የሚለው በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ይህ መስመር ስለጠፋ ብቻ ሻጭና ገዢ የሚጣሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ገዢው ቅድመ ግብር ቀንሶ እንደሚከፍልም አይረሳ፤ ደረሰኙ ተሰብስቦ ዓመት መጨረሻ ላይ ከግብር ይቀነሳል፣ የጠፋ ደረሰኝ የጠፋ ገንዘብ ነው። ፒ.ዩ.ኤል. የሚገዛው በዶላር ስለሆነ የምንዛሬ ለውጥ ከተወሰነ መቶኛ በላይ ከሄደ ዋጋ እንደሚከለስ የሚል አንቀጽም ይግባ። ገዢዎች መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማሉ፣ ብዙዎቹ ግን ይቀበሉታል፤ ሻጩ መሐል መንገድ ላይ ቢወድቅ እነሱም ባዶ እጃቸውን ትምህርት ቤት ይሄዳሉና።

ኩባንያ ነው ወይስ ድርጅት?

ሕጉ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ መምረጥ ያለበት ግን መሥራቹ ነው። ሰፍቶ መሸጥ ከሆነ የንግድ ሥራ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለሚፈቅድ ለስም ያህል ዘመድ ባለ አክሲዮን ማድረግ ቀርቷል። እርዳታ ተቀብሎ ማደል ከሆነ ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ነው፤ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው።

ይህ አዋጅ ከእሱ በፊት የነበረውን ሕግ ብዙ አላልቶታል። የቀድሞው አዋጅ 621/2001 በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠራ የኢትዮጵያ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይል ነበር፤ ያ ቀርቷል። በአሁኑ ሕግ አገር በቀል ድርጅት በማኅበር መልክ ከሆነ ቢያንስ አምስት አባላት ያስፈልጉታል፤ በቦርድ የሚመራ ከሆነ ሁለት መሥራች ይበቃል፣ ቦርዱ ግን ከ5 እስከ 13 ሰው ይኖረዋል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልል ውስጥ፣ ወይም አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ የሚሠራ በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይመዘገባል፤ በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራው ወደ ክልሉ ይሄዳል። ለምዝገባ የመሥራቾች ቃለ ጉባኤ፣ የመሥራቾች ማንነት፣ ስምና ዓርማ፣ ዓላማና የሥራ ቦታ፣ መተዳደሪያ ደንብ ይቀርባል። ፋይሉ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ በደንቡ ነው፤ ከሌላ ድርጅት የተቀዳ ደንብ ውስጥ የሌላው ድርጅት ዓላማ ይገኛል።

ሰዎችን ግራ የሚያጋባው የ20 በመቶው ጉዳይ ነው። ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የቆመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎት፣ ኢንተርኔት፣ ለአስተዳደር የሚውል መኪናና ነዳጅ እዚህ ይገባሉ። ለልጆቹ የተገዛው ሞዴስና ፓንት፣ ሥልጠናውን የምትሰጠው ነርስ ክፍያ ግን የፕሮጀክት ወጪ ነው። አንድ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ቢሮ፣ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት የሚውል ከሆነ የሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጽ ከመጀመሪያው ወር ይኑር፤ ዓመት ካለፈ በኋላ ለኦዲተር የሚዘጋጅ ቅጽ ማንንም አያሳምንም።

ድርጅቱ ራሱ ነግዶ ገቢ ማግኘትም ይችላል። ኩባንያ ሊያቋቁም ወይም አክሲዮን ሊገዛ ይፈቀድለታል። ሁኔታው ጥብቅ ነው፦ ለንግዱ የተለየ የባንክ ሒሳብና የተለየ መዝገብ ይያዛል፣ እንደማንኛውም ነጋዴ ፈቃድ ያወጣል፣ ግብር ይከፍላል፣ ትርፉ ወደ ዓላማው እንጂ ወደ አባላት ኪስ አይገባም። ብዙ መሥራች እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፤ በጎ አድራጎት ስለሆንኩ ግብር አይመለከተኝም ብሎ ሱቅ ይከፍታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ሰው ሁለቱን ሲይዝ ነው። ፋብሪካው የእሷ፣ ድርጅቱም የእሷ፣ ድርጅቱ ከፋብሪካው ይገዛል። ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰፊ በአካባቢው ስለሌለ ነው። ለጋሹ ግን አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም፦ ዋጋውን ማን ወሰነው? መልሱ በወረቀት መኖር አለበት። ዋጋው ሲወሰን መሥራቿ ከቦርዱ ስብሰባ ትወጣለች፣ መውጣቷም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ከሌሎች ሁለት አምራቾች፣ ከሌላ ከተማም ቢሆን፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ድርጅቱ ከፋብሪካው የሚገዛበት ዋጋ ፋብሪካው ለሌላ ድርጅት ከሚሸጥበት አይበልጥም። ሁለቱ ቢሮ ቢጋሩ የኪራይ ውል ይኑራቸው። በእኛ እይታ ግን ከሁሉ የሚሻለው የመቀሌው መንገድ ነው፤ ሰፊና አዳይ ከመነሻው የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ እነዚህ ጥያቄዎች አይነሱም።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ

ዕቃ ከመስጠት በፊት መተማመን ይቀድማል። በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛትን በማኅበረሰብ ውይይት ለማስቀረት የሠሩት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ድርጅታቸውን ሲያቋቁሙ መጀመሪያ የአካባቢው ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ጠየቁ፤ ልጆች ትምህርት ቤትና ሰው ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ ነበር የተጠየቀው፣ እሱም ተሠራ። ስለ ግርዛቱ መወያየት ከዚያ በኋላ መጣ። ሞዴስም ላይ እንዲሁ ነው። ትምህርት ቤቱ መፀዳጃው በር ከሌለው፣ ውሃው ከተቋረጠ፣ ሞዴሱን ልጅቷ የትም አትቀይረውም። ሦስት ሞዴስ በወጉ አጥቦ ለማለቅለቅ ቢያንስ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይጠይቃል። ርዕሰ መምህሩን መጀመሪያ የሚጠየቀው የልጆች ቁጥር ሳይሆን የመፀዳጃው በር መቆለፊያ ነው።

ትምህርቱ ከ45 ደቂቃ አይበልጥ፣ ወንዶቹም ለብቻቸው ይማሩ፤ ቀሚሷ የተነካ ልጅ ላይ የሚስቀው ያልተማረው ነው። እጥበቱ በቃል ሳይሆን በሳፋ ይታይ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይነከራል፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል። በሳሙና ታሽቶ ውሃው እስኪጠራ ይለቀለቃል። ይጨመቃል እንጂ አይጠመዘዝም፣ መጠምዘዝ ልባጩን ይለቅቀዋል። በረኪና፣ የልብስ ማለስለሻና ካውያ አይነካውም፤ በረኪና ጥጡን ይበላል፣ ማለስለሻ ክሩን ሸፍኖ መምጠጥ ያስቆመዋል፣ ካውያ ፒ.ዩ.ኤሉን ያቀልጣል። ከዚያ ፀሐይ። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚበላሸው፤ ልጅቷ አባቷ ወይም ወንድሟ እንዳያይ ፍራሽ ሥር ትደብቀዋለች፣ ሳይደርቅ ይሸታል፣ ታሳክካለች፣ ሞዴሱ በሽታ አመጣ ይባላል። በስስ ነጠላ ሸፍኖ ገመድ ላይ ማስጣት ይቻላል፤ ብርሃኑና ነፋሱ ያልፋል። ጨርቁ ጠቆር ያለ ወይም አበባ ያለው ቢሆን ገመድ ላይ የሞዴስ መልክ አይኖረውም፤ ነጭ ጨርቅ የሚመርጥ አምራች ይህን ያላሰበ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ወደድሽው ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ ስጦታ የተቀበለች ልጅ አዎ ነው የምትለው። ባለፈው ወር ስንቱን አደረግሽ? የት አሰጣሽው? አሁን ስንት ቀርቶሻል? ከስድስቱ ሁለቱን ብቻ የምታደርግ ከሆነች ምክንያቱ አለ፤ ወይ መጠኑ፣ ወይ ቁልፉ፣ ወይ እናቷ ናት። ለእናቶች የተለየ ስብሰባ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ዕድሩ ቤት ቢሆን ከትምህርት ቤት አዳራሽ ይልቅ ይመጣሉ።

ጥሩ ሲሠራ የሚመጣው ችግር

ሁለት ዓመት የሚቆይ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ደንበኛውን ለሁለት ዓመት ያጣል። በአንድ ወረዳ 4,000 ልጆች ቢኖሩና በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ቢደርሳቸው፣ በሁለተኛው ዓመት ገዢ ድርጅቱ የሚፈልገው አዲስ ለደረሱት ብቻ ነው፤ ያ ምናልባት ሩቡ ነው። ለ4,000 የተገዛው መኪና፣ የተቀጠረው ሰው ግን አለ። ከላይ የታየው የ3,000 ስሌት እዚህ ተመልሶ ይመጣል። ፋብሪካ ሲታቀድ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ትዕዛዝ ሳይሆን የሦስተኛው ዓመት ትዕዛዝ ነው የመኪናውን ብዛት የሚወስነው፤ የመጀመሪያውን ጫና በትርፍ ሰዓትና ለሌላ ልብስ ሰፊ በቁጥር በመስጠት መሻገር ይቻላል። ያው መኪና፣ ያው ጨርቅና ያው እጅ የሚሠራቸው ሌሎች ዕቃዎችም አሉ፦ ለወለዱ እናቶች ረዘም ያለና ወፍራም፣ ለሕፃናት የሚታጠብ ዳይፐር፣ የሽንት መቆጣጠር ችግር ላለባቸው አረጋውያን የፍራሽ መሸፈኛ። ከነዚህ የመጨረሻው በከተማ ቤተሰብ በኩል በደንብ ይጠየቃል፤ የሚሸጠውም በፋርማሲ፣ በችርቻሮ፣ በየወሩ ነው።